ሆዷ የባባ ክሎን፦ «ቅጂ ልብ የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከሁለት ሳምንት በፊት «ቅጂ ልብ የለውም» በሚል ርዕስ የወጣውን ጽሑፍ ያነበብኩት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ነው። ያዘዝኩት ቡና ሳልነካው ቀዘቀዘ። ጽሑፉ የሚተቸው እኔ በማስተባብረው የንባብ ክበብ ውስጥ ያለች አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየጻፈች ያለችውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ልጅቷ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ምሽት ሁለት ምዕራፍ አነበበች፤ ጸሐፊው ከኋላ ተቀምጠው አዳመጡ፤ ከዚያ ብዕራቸውን አነሡ። መተቸታቸው ደግ ነው። ለአንዲት ተማሪ ደብተር ሦስት ገጽ ሙሉ ትችት የሚጽፍ ሰው ብዙ አይገኝም። ችግሩ የተቹት ልጅቷ ያልጻፈችውን ታሪክ መሆኑ ነው።

ላልሰማ ሰው ታሪኩን በአጭሩ ልንገር። በአንድ ሐይቅ ዳር የታጠረ ግቢ አለ። በግቢው የሚያድጉት ልጆች ሁሉ ክሎኖች ናቸው፤ ከባለጸጎች ሕዋስ ተወስዶ የባለጸጎቹ ግልባጭ ሆነው የተወለዱ፣ አንድ ቀን ኩላሊታቸው ወይም ጉበታቸው ለሕዋሱ ባለቤት እንዲሰጥ ተቀልበው የሚጠበቁ። ስም የላቸውም፤ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ሰባት እና ስምንት የሚባሉት ሁለት ልጃገረዶች ከአንዲት ሴት የተቀዱ ናቸው። አሳዳጊዎቻቸው ያስተማሯቸው የሥጋን ቃል ብቻ ነው፦ ረሃብ፣ ጥም፣ ድካም፣ ሕመም። ከዚያ ያለፈ ስሜት የሚጠራበት ቃል በግቢው ውስጥ አይነገርም።

የጸሐፊው ክስ አምስት ነው። ታሪኩ ከባዕድ የተቀዳ ነው፤ ሳይንሱ ስሕተት ነው፤ ክሎን ቅጂ ስለሆነ የራሱ ስሜት ሊኖረው አይችልም፤ ስሜትን ማግኘት የሚባለው የጉርምስናን ፍቅርና አለመታዘዝን በሳይንስ ካባ መሸፈን ነው፤ በመጨረሻም ልጅቷ ስለማታውቀው ከምትጽፍ ስለ ራሷ ብትጽፍ ይሻላት ነበር። በቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

«የክሎን ወሬ ለእኛ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» ይላሉ በመጀመሪያው። ይህን ሌላ ቦታ ተቀምጠው ቢጽፉት ባልገረመኝ ነበር። ሐዋሳ ላይ ግን ላሟ ውላ ብቻ ሳይሆን አድራም ታውቃለች። ከከተማው ወጥቶ የይርጋለምን መንገድ የያዘ ሰው ከግራም ከቀኝም የሚያጅበው እንሰት ነው፤ ገበሬው በጓሮው የሚያለማው እንሰት ደግሞ ክሎን ነው። በዘር አይራባም። የባለቤቴ አባት ወንዶ ገነት አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ሥራውን አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። የጎረመሰውን እንሰት ግንድ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ይቆርጡታል። አሚቾ ከሚባለው ወፍራም ሥር መካከል አዲስ ቅጠል የሚፈልቅበትን እምብርት ፈልፍለው ያወጡና በአፈርና በፍግ ይቀብሩታል። ከወራት በኋላ ከዚያ አንድ ሥር ዙሪያ ችግኙ በደርዘን እየፈነቀለ ይወጣል። ሁሉም በዘረ መላቸው የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ቆጮ ከክትፎ ጋር የበላ ሁሉ ክሎን በልቷል ማለት ነው፤ ጸሐፊውንም ጨምሮ፣ የሚወዱ ከሆነ።

ቃሉም ቢሆን ከላቦራቶሪ አልተወለደም። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኸርበርት ዌበር እ.ኤ.አ. በ1903 ቀንበጥ ከሚል የግሪክ ቃል ሲያወጣው ያሰበው እንደ እንሰት ከዘር ሳይሆን ከአካላቸው ቆርሰው የሚራቡ ተክሎችን ነበር። የብሪታኒያው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጄ. ቢ. ኤስ. ሆልዴን ቃሉን ስለ ሰው የተናገረበት ንግግር የመጣው ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው።

አማቴ አንድ ጊዜ ከአንድ ሥር የወጡ ችግኞች መካከል እየተዘዋወሩ ጠባያቸውን ነገሩኝ። «ይህችኛዋ ድንጉጥ ናት፤ ፀሐይ ሲበረታ ቅጠሏን ትጥላለች። ያቺ ደግሞ ደንታም የላት።» የባዮሎጂ አስተማሪነቴ ተነሣብኝና «ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው። እጃቸውን ከአፈሩ ሳያነሡ፣ «አንተ ደግሞ፣ የተተከሉበትን አታይም?» አሉኝ።

በመልክ የሚመሳሰሉ የሁለት ሰዎች ታሪክ ለአማርኛ ድርሰት ባዕድ ነው የሚለውንም አልቀበልም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ ባለታሪኮች ዋሕድና ጦቢያ መንታ ናቸው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋውን ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ልብ ወለድ የሚለውን ስያሜ እንኳን ያገኘነው ከዚያው መጽሐፍ ርዕስ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የተከተለችው መንገድ አገር በቀል ካልሆነ እኔ የትኛው እንደሚሆን አላውቅም።

ወደ ሳይንሱ ስንመጣ ለጸሐፊው ግማሽ እጄን እሰጣለሁ። «ክሎን ከመስታወት ገንቦ ውስጥ ጎልምሶ፣ የባለቤቱን ትዝታ ይዞ የሚወጣበት ታሪክ ተረት ነው» ያሉት እውነት ነው። የልጅቷ የመጀመሪያ ረቂቅም እንዲሁ ነበር፤ ሃያ ዓመት የሞላቸው ክሎኖች ከቧንቧ ውስጥ ተስበው ይወጡ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ የዶሊን ታሪክ አስነበብኳት። ዶሊ የምትባለዋ በግ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1996 በስኮትላንድ የተወለደችው እንደማንኛውም ግልገል ነው። ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ ጡት ሕዋስ ተወሰደ፤ ዘረ መሉን የያዘው የራሱ አስኳል በወጣለት የሌላ በግ እንቁላል ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በሦስተኛ በግ ማሕፀን አደገ። በዚህ መንገድ 277 እንቁላሎች ተሞክረው የተወለደችው እሷ ብቻ ናት። ስትወለድ መቆም አታውቅም፤ ወተት የሚገኝበትን መፈለግ ነበረባት። ልጅቷ ይህን ካነበበች በኋላ ታሪኩን ከሥሩ ለወጠችው። አሁን በግቢው ውስጥ ያሉት ክሎኖች ከተከራዩ እናቶች ተወልደው ጡት እየጠቡ ያደጉ ናቸው። በዚያ ምሽት የተነበበውም ይኸኛው ነው። ጸሐፊው የተቹት ምናልባት በቴሌቪዥን ያዩትን ፊልም ይሆናል።

የቀረውን ግማሽ እጄን ግን አልሰጥም። «ዶሊ በግማሽ ዕድሜዋ አርጅታ ሞተች፤ ክሎን ዕድሜውን ከባለቤቱ ይወርሳል» ብለዋል። ይህ ወሬ መነሻ አለው፤ ዕድሜ ሲገፋ እያጠረ የሚሄደው የክሮሞሶሞች (ዘረ መልን የሚሸከሙት ክሮች) ጫፍ በዶሊ ላይ ከእኩዮቿ አጠር ማለቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘግቦ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ለሞት ያበቃት ቫይረስ የሚያመጣው የሳንባ ዕጢ ነው፤ ክሎን ያልሆኑ በጎችንም ይይዛል። እሷን ካስገኘው ከዚያው የሕዋስ ዘር ሌሎች አራት በጎች በኋላ ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ሲመረመሩ ለዕድሜያቸው ጤነኞች ሆነው ተገኝተዋል። ሳይንስ ተሳሳተ ብሎ ተማሪን የሚከስ ሰው የራሱን ሳይንስ ከሃያ ዓመት በፊት በነበረበት መተው የለበትም።

ሦስተኛው ክስ ለጽሑፋቸው ርዕስ የሰጠው ነው፦ ቅጂ ልብ የለውም። ክርክራቸው «የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከዋናው ሌላ ሐሳብ አይኖረውም» የሚል ነው። ወረቀት አያድግም እንጂ ምሳሌው ባማረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት ድመት በክሎኒንግ ተወለደች። ሕዋሱ የተወሰደባት ድመት ጥቁር፣ ነጭና ብርቱካናማ ቀለም ያላት ዥጉርጉር ነበረች፤ ክሎኗ ግን ብርቱካናማ የሚባል ቀለም አልታየባትም። ምክንያቱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል የሚከብድ አይደለም። በድመት ይህን ቀለም የሚወስነው ዘረ መል ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ሴቷ ሁለት ኤክስ አላት፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ግን ገና በጽንስነት ከሁለቱ አንዱን በዘፈቀደ ዝም ያሰኛል። ዥጉርጉርነቱ የሚመጣው ከዚህ ዕጣ ነው። ክሎኗ የተሠራችበት ሕዋስ ብርቱካናማውን ዝም ያሰኘ ነበር። ጠጉር እንኳን ካልተቀዳ ናፍቆት እንዴት ይቀዳል?

ሰውን በተመለከተ እስከ ዛሬ በማስረጃ የተረጋገጠ ክሎን አልተወለደም፤ መወለድም የለበትም ብዬ ከሚከራከሩት ወገን ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2005 ሰውን ክሎን ማድረግ ይከልከል የሚል መግለጫ አጽድቋል፤ ምንም እንኳን ድምፁ የተከፋፈለና አስገዳጅነት የሌለው ቢሆንም። ይሁንና ከአንድ እንቁላል የሚወለዱ መንቶች በተፈጥሮ የተሠሩ ክሎኖች ናቸው፤ እንዲያውም ከዶሊ የበለጠ ይቀራረባሉ፤ የእናታቸው እንቁላል አንድ ነውና። የጣት አሻራቸው ግን ይለያያል። «የመንታ እናት ተንጋላ ትሞታለች» የሚለውን ተረት የሠራው ሰው ላቦራቶሪ አላየም፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን እንደሚፈልጉ ግን አይቷል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። በአራተኛው ነጥባቸው «ክሎኗ ‹ፍቅር ያዘኝ› ብላ ከግቢው ትኮበልላለች፤ ልጆቻችን ከዚህ ምን ይማራሉ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ደብተሩን ተውሼ አራቱን ምዕራፎች ከዳር እስከ ዳር አየሁ። ፍቅር የሚለው ቃል አንድ ቦታ እንኳን የለም። የሚኮበልል ሰውም የለም። «ፍቅር ያዘኝ» የሚለውን ከየት እንዳመጡት እርሳቸው ይንገሩን። እኔ በዚያ ምሽት የተነበበውን ልንገር።

ስምንት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተወስዳ ሁለት ቀን አልተመለሰችም። ሰባት ምሳዋን ሳትነካ ትተዋለች። ክሊኒክ ትሄድና «ሆዴን» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ሐኪሙ ሆዷን እየተጫነ ያያል፣ ደም ይወስዳል፣ ምንም የለብሽም ብሎ የቁርጠት ኪኒን ይሰጣታል። ኪኒኑ አይሠራም። በሦስተኛው ቀን በወጥ ቤቱ ደጃፍ ስታልፍ ሽንኩርት የሚልጡት አሮጊት ያስቆሟታል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ሆዴን፣ እማማ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ስምንት ከሄደች ወዲህ።»

አሮጊቷ ቢላዋውን ያስቀምጣሉ። «እሱ በሽታ አይደለም፣ የኔ ልጅ። ሆድሽ ባብቶ ነው።»

ሰባት ቃሉን ሰምታ አታውቅም። ትንሽ ታስብና ትጠይቃለች፦ «መባባት በስንት ቀን ይድናል?»

እዚህ ላይ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰምቻለሁ። ጸሐፊው በዚያች ደቂቃ ምን ይጽፉ እንደነበር አላውቅም።

ይህች ገጽ በሌላ ቋንቋ ልትጻፍ አትችልም ነበር ብዬ የማምነው በምክንያት ነው። በአማርኛ ስሜት ልብ ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ ወደ ታች ወርዶ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተበትኗል። ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይብሳል፤ ከቂመኛ ሰው ሆድ ነገር አይወጣም። አንጀት ይላወሳል፣ ይራራል፣ ደስ ሲለን ቅቤ ይጠጣል። የፈራ ሰው ሐሞቱ ይፈስሳል። መዝሙረ ዳዊት የደገመም ፈጣሪ ልብንና ኩላሊትን እንደሚመረምር ያውቃል። አሁን የልጅቷን ግቢ መልሰን እንይ። እነዚያ ልጆች የሚቀለቡት ለምንድን ነው? ለኩላሊታቸው፣ ለጉበታቸው፣ ለሆድ ዕቃቸው። ባለቤቶቹ መለዋወጫ ብለው የሚጠብቁት አካል አማርኛ ሐዘንና ርኅራኄን ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ሐኪሙ የሰባትን ሆድ ተጭኖ ምንም አላገኘሁም ሲል፣ ፊት ለፊቱ ያለውን እንዳላየ የሚያውቀው አማርኛ የሚሰማ አንባቢ ነው። ልጅቷ ይህን አስልታ ይሁን ሳታስበው አላውቅም፤ ስጠይቃት «እናቴ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለው» ብቻ ነው ያለችኝ።

ጸሐፊው «ስሜትን ማግኘት» የሚለውን ሐረግ ሲያነቡ ከፍቅረኛ ሌላ ነገር ስላልታያቸው አዝናለሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ውስጡ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ስም ሳያገኝለት ስንት ቀን እንደሚዞር በክፍል ውስጥ በየዕለቱ አያለሁ። «ራሴን አመመኝ» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ውጤቱ ይወርዳል፤ እኛ ስንፍና እንለዋለን። ያ ልጅ ሰባት የጠየቀችውን ጥያቄ ቢያነብ የሚኮበልል አይመስለኝም። ምናልባት ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ሆዴ ባብቷል ይላቸው ይሆናል።

አለመታዘዝን በተመለከተ ብዙ አልልም። ኩላሊቱን ሊወስዱበት ለመጡ ሰዎች ያልታዘዘ ልጅ ባለጌ ከተባለ፣ የሥነ ምግባር ትርጉማችን መለያየቱን እዚህ ላይ መዝግበን እንለፍ። «ወጣቱ ታሪክ ያንብብ» የሚለውም ከክሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም፤ ክበባችን በወር አንድ የታሪክ መጽሐፍ ያነባል።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ተቀብያቸዋለሁ። «ግልባጭ» የሚለውን ቃል በየመስመሩ መጠቀም ጆሮ ያደክማል ብለዋል፤ እውነት ነው። ክሎን የሚለው ይቆይ ወይስ ቅጂ፣ ግልባጭ እንበል በሚለው ሁለት ቅዳሜ ተከራክረንበት ነበር። አሁን ስምምነት አለ፦ ባለቤቶቹ ቅጂ ይሏቸዋል፣ ሐኪሙ ክሎን ይላል፣ አሮጊቷ ደግሞ ልጄ ይላሉ። ለማሻሻያው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

የቀረው አምስተኛው ነው፤ «ስለማታውቀው ከምትጽፍ ስለ ራሷ ብትጽፍ» ያሉት። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ተናደድሁ። በዚያ ምሽት ጸሐፊው ከኋላ ተቀምጠው ሲጽፉ በስተቀኛቸው አንዲት ልጅ ነበረች። ቀና ብለው አንድ ጊዜ ቢያዩዋት ኖሮ መድረኩ ላይ ሆና የምታነብበው ልጅ አጠገባቸው የተቀመጠች ይመስላቸው ነበር። መንታዋ ናት። ይህን የምጽፈው ሁለቱንም ጠይቄ፣ ፈቅደውልኝ ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል እናታቸው አንድ ዓይነት ልብስ ያለብሷቸው ነበር። የአንዷ የፈተና ውጤት ለሌላዋ ተመዝግቦ አንድ ወር ሙሉ ተከራክረዋል። ከአቶቴ ወደ ፒያሳ የሚመላለስ የባጃጅ ሹፌር በአንዷ ላይ ያስቀረውን መልስ ለሌላዋ ከፍሎ፣ ተቀባይዋ ሳትናገር ማስቲካ ገዝታበታለች፤ ይህን አሁንም ይጣሉበታል። ደራሲዋ አንድ ቀን «ሰው ‹የትኛዋ ነሽ?› ይለኛል እንጂ ‹ማን ነሽ?› ብሎኝ አያውቅም» ብላኛለች፤ ልብ ወለዱን የጀመረችው በዚያ ሳምንት ነው። እኔ ክሎን የሚለውን ርዕስ ሰጥቻታለሁ ብለው ጸሐፊው ጠርጥረዋል፤ እኔ የሰጠኋት የዶሊን ታሪክ ብቻ ነው፣ እሱንም ከጀመረች በኋላ።

እህትየው አትጽፍም። ሒሳብ ነው የምትወደው። ረቂቁን ግን ከሁላችን በፊት የምታነብበው እሷ ናት፤ ያላመነችበትን በእርሳስ በኅዳጉ ላይ ትጽፋለች። አራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ስምንት ከቀዶ ሕክምና ተመልሳ፣ ጎኗ በፋሻ ታስሮ፣ አልጋ ላይ ተኝታለች። ሰባት ከአጠገቧ ቁጭ ብላ እጇን ትይዝና «አንቺ እኔ ነሽ» ትላታለች። በመጀመሪያው ረቂቅ ምዕራፉ እዚህ ላይ ነበር የሚያልቀው። እህትየው ከዚያ መስመር ሥር በእርሳስ «አይደለሁም» ብላ ጻፈች።

ደራሲዋ ላጲስ አላነሣችም። ምዕራፉን በንጹሕ ወረቀት ስትገለብጥ ቃሉን በእስክሪብቶ አጸናችው፤ አሁን የምትናገረው ስምንት ናት፤ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እጇን ሳታስለቅቅ፦

«አይደለሁም።»